ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ "ቪትዝ ስንት ገባች?" ዋጋውን እንደተለመደው እንለጥፋለን። ዛሬ ግን ከዋጋው በፊት ስለሚመጣው ነገር እናውራ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዓመቱ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ስለዚህ አሁን ገበያ ላይ የምታዩት የነዳጅ መኪና ያው የነበረው ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ። መለዋወጫውም አብሮ ተሰቅሏል። የተደበቀ ችግር ያለባት መኪና የገዛ ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል ማለት ነው።

አንድ ወዳጃችን የደረሰበትን እንንገራችሁ። መኪናዋ ታጥባ፣ ተወልውላ ቀረበችለት። ደላላው "ሌላ ገዥ መንገድ ላይ ነው" አለው። 50 ሺህ ብር ቀብድ ሰጠ። በማግስቱ መካኒክ ይዞ ሲሄድ የፊት ሻንሲዋ ተቆርጦ የተበየደ ሆኖ ተገኘ። "ተውኩት" ሲል ሻጩ "እንግዲያው ቀብዱን እርሳው" አለው።

እዚህ ላይ ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። ወዳጃችን "ጉድለቱን ደብቆኛል" ብሎ መከራከር ይችላል፤ ግን ማስረጃ፣ ጊዜና የጠበቃ ገንዘብ ይፈልጋል። "ሌላ ስምምነት ከሌለ" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ መፍትሔው እሷ ላይ ነው።

👉 ቀብድ መስጠት ግድ ከሆነ ወረቀቱ ላይ "መካኒክ አይቶ ጉድለት ከተገኘ፣ ወይም ዕዳና እገዳ ካለባት ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል" ብላችሁ አስጽፉ። ሻጩ ይህን አልፈርምም ካለ መልሱን ነግሯችኋል።

👉 ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናዋ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። የሚሸጠው በውክልና ከሆነ፣ ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድና ያልተሻረ መሆኑን አረጋግጡ።

👉 መካኒኩ የእናንተ ይሁን፤ ደላላው የሚያመጣው አይደለም። ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ይነሣ። ማግኔት ያዙ፤ ስቱኮ በበዛበት ቦታ አይጣበቅም። ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ሆኖ ፔዳሉና መሪው ካለቀ፣ ቆጣሪው ተነካክቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። ኤሌክትሪክ ከሆነች የባትሪው ጤንነት በመሣሪያ ይታይ።

👉 ውሉ ላይ እውነተኛውን ዋጋ ጻፉ። ክፍያ ለመቀነስ ብሎ ዋጋ አሳንሶ መጻፍ የተለመደ ነው፤ ነገር ሲበላሽ ግን ከተጻፈው በላይ ከፍያለሁ ብሎ ማስረዳት ይከብዳል፣ በራሱም ያስጠይቃል። ሻጩ በአፉ "አልተጋጨችም፣ ሞተሯ አልተከፈተም" ካለም በወረቀት ይድገመው።

ጋራዥ ላይም ነገሩ ያው ነው። ቁልፍ ከመስጠታችሁ በፊት የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋ ለየብቻ ይጻፍላችሁ። "ሳልፈቅድ ሌላ ነገር እንዳይፈታ" በሉ። ኪሎ ሜትሩን፣ የነዳጁን መጠንና ውስጧን በስልክ ፎቶ አንሡ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ መልሳችሁ ተቀበሉ፤ ያኔ መቀየሩን በዓይናችሁ አያችሁ። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ራሳችሁ ከገዛችሁም አዲስ ይሁን ያገለገለ ደረሰኙ ላይ ይስፈር። ደረሰኝና ትክክለኛ መረጃ ማግኘት በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የሸማች መብት ነው፤ ልመና አይደለም።

ለመካኒክ የምትከፍሉት ገንዘብ ሊቆጫችሁ አይገባም። ከዚህ ሁሉ ግብይት ውስጥ በጣም ርካሹ ወጪ እሱ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ያመለጠች መኪና ሌላ ትተካለች፤ የወጣ ቀብድ ግን በቀላሉ አይመለስም።

መኪና ሊገዛ ላሰበ ሰው አጋሩት። ነገ በዋጋ ዝርዝሩ እንገናኝ።