በውሃ ቢል የተሠራ ዋሻ

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ለሚኖር ሰው የሚመጣለት የውሃ ቢል የጠጣውንና የታጠበበትን ብቻ አያስከፍልም። ውሃውን የሚያከፋፍለውና ፍሳሹን የሚያጣራው ዲሲ ዎተር እ.ኤ.አ. በ1996 የተቋቋመ የሕዝብ ተቋም ነው። ወጪውን በአብዛኛው የሚሸፍነው ከደንበኞቹ በሚሰበስበው ክፍያ ነው፤ ለከተማዋ የንብረት ግብር የማይከፍለው የፌደራል መንግሥት እንኳ ለመሥሪያ ቤቶቹ የውሃ ሒሳብ ይከፍላል።

ቢሉ ብዙ መስመሮች አሉት። የውሃው ፍጆታ የሚሰላው በመቶ ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም በ2,800 ሊትር ገደማ ነው። ለመኖሪያ ቤቶች የመጀመሪያዎቹ አራት መለኪያዎች ዋጋ ዝቅ ይላል፤ ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለንጽሕና የግድ የሚያስፈልግ ውሃ ነውና። ፍሳሹ የራሱ ቆጣሪ ስለሌለው በገባው ውሃ ልክ ይታሰባል። ያረጁ ቧንቧዎችን ለመቀየር ደግሞ ሌላ ቋሚ ክፍያ አለ።

ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው ለወንዞች ጽዳት የሚጠየቀው ገንዘብ ነው። በከተማዋ አንድ ሦስተኛ ገደማ ክፍል የዝናብ ውሃና የሽንት ቤት ፍሳሽ በአንድ አሮጌ ቱቦ ይሄዳሉ። ዶፍ ሲጥል ቱቦው ይሞላና ድብልቁ ሳይጣራ ወደ አናኮስቲያና ፖቶማክ ወንዞች ይገባል። በ2005 በፍርድ ቤት የጸደቀ ስምምነት ይህን እንዲያስቆም ተቋሙን አስገደደው። መፍትሔው ከ30 ሜትር በላይ ጥልቀት የተቆፈረ፣ ጎርፉን ይዞ ወደ ብሉ ፕሌንስ ማጣሪያ የሚያደርስ ዋሻ ሆነ፤ የሥራው ወጪም ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ማን ይክፈል? ከ2009 ጀምሮ ለወንዞች ጽዳት የሚጠየቀው ክፍያ የሚሰላው ውሃ በማያሰርግ መሬት ስፋት ነው፤ ጣሪያ፣ ሲሚንቶና አስፋልት ይቆጠራሉ። አንድም ቧንቧ የሌለው የመኪና ማቆሚያ ይከፍላል፤ ጎርፉን የሚልከው እሱ ነውና። በ2014 ተቋሙ በ100 ዓመት የሚመለስ የ350 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጠ። ዋሻው ገና ያልተወለዱትንም ስለሚያገለግል ዕዳውን እነሱም ይጋሩታል።

የአናኮስቲያ ዋሻ የመጀመሪያ ክፍል በ2018፣ የመጨረሻው በ2023 ሥራ ጀመረ፤ ወደ ወንዙ ይገባ የነበረውም ቆሻሻ በእጅጉ ቀንሷል። ሸክሙ ግን ቀላል አይደለም። ሰፊ ግቢ ያላቸው አብያተ ክርስቲያናት ክፍያው ከብዷቸው አቤት ካሉ በኋላ ከተማዋ ለበጎ አድራጎት ተቋማት ድጎማ አዘጋጅታለች። ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦችም የክፍያ እርዳታ አለ።

አሠራሩ ፍትሐዊ ነው፤ ጎርፍ ያበዛ ይከፍላል፣ የተገለገለ ይከፍላል። ፍትሐዊነቱ የሚዘልቀው ግን ከፋዩ ሲከታተለው ነው። የተቋሙ ቦርድ ታሪፍ የሚያጸድቀው የሕዝብን አስተያየት ከሰማ በኋላ ስለሆነ፣ በዲሲ የምትኖሩ ወገኖች ቢላችሁን መስመር በመስመር አንብቡ፤ እርዳታ የሚገባችሁ ጠይቁ፤ ስብሰባው ሲጠራም ተገኝታችሁ ተናገሩ።