ቀይ አፈር፣ መረሬና የብረት ቧንቧ

አዲስ አበባ የቧንቧ ውሃን የተዋወቀችው በእንጦጦ በኩል ነው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. የስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የተራራውን ውሃ በቧንቧ ስቦ አጼ ምኒልክ ግቢ አስገባው። ዛሬ በየካ መንደሮች ሥር ፕላስቲክ ቧንቧ እየበዛ ቢሆንም ብረቱ ገና ከሥራ አልወጣም። የተቀበረ ብረት ደግሞ ሲጎዳ አይታይም።

ብረት ውሃና አየር ሲያገኝ እንደሚዝግ ሁሉም ያውቃል። የተቀበረ ቧንቧ ግን እኩል አይዝግም። ከእንጦጦ ዳገት ቀይ አፈር ወርዶ ሜዳው ላይ ጥቁር መረሬ ውስጥ የሚገባ ቧንቧ እናስብ። ቀዩ አፈር አየር ያሳልፋል፤ መረሬው ክረምቱን ውሃ ጠጥቶ ይደፈናል። በዚህ ልዩነት የተነሳ ቧንቧው ራሱ ባትሪ ይሆናል። የሚበላውም ብዙ ሰው እንደሚገምተው አየር ያገኘው ሳይሆን አየር ያጣው በኩል ነው።

ሌላው ጠላት ኮረንቲ ነው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በጉርድ ሾላና በመገናኛ የሚያልፈው ቀላል ባቡር በ750 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ ይሠራል፤ ኮረንቲው የሚመለሰው በሐዲዱ ነው። እንዲህ ባለ መስመር ሐዲዱ ከመሬት በደንብ ካልተለየ ከፊሉ ወደ አፈር ሾልኮ ያገኘውን ቧንቧ ይይዛል። ቧንቧው የሚጎዳው ኮረንቲው በገባበት ሳይሆን በወጣበት ቦታ ነው። አንድ አምፔር ሳያቋርጥ ዓመት ቢወጣ 9 ኪሎ ያህል ብረት ይበላል።

የመጀመሪያው መከላከያ ልባጥ ነው፦ ሬንጅ፣ ኢፖክሲ ወይም ፖሊኢትሊን። ይሁንና አንድ ስለታም ድንጋይ ልባጡን ከጫረው ጉዳቱ በሙሉ እዚያች ጭረት ላይ ይከማችና ቧንቧው ቶሎ ይበሳል። ስለዚህ ቧንቧው ከመቀበሩ በፊት ከፍተኛ ቮልቴጅ የተሸከመ የሽቦ ብሩሽ በልባጡ ላይ ይሳባል፤ የተጫረው ቦታ ላይ ሲደርስ ብልጭ ይላል። ይህ ፍተሻና ከቧንቧው ሥር የሚነጠፈው አሸዋ በምንም ምክንያት መዘለል የለባቸውም እላለሁ።

ልባጥ ብቻውን ስለማይበቃ ሁለተኛው ዘዴ ይታከላል። እንግሊዛዊው ሀምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1824 የመርከብ መዳብን ዚንክና ብረት በማያያዝ ከመበላት እንደሚያድን አሳየ። ለቧንቧም ማግኒዚየም አጠገቡ ተቀብሮ በሽቦ ይገናኛል፤ በብረቱ ፈንታ እሱ ይበላል። ለረጅም መስመር ሬክቲፋየር የሚባለው መሣሪያ ከመብራት መስመር የወሰደውን ኮረንቲ ቀጥተኛ አድርጎ በአፈሩ በኩል ወደ ቧንቧው ይልካል። መብራት በሄደ ቁጥር ግን ጥበቃው ይቆማል። ማግኒዚየም መብራት አይጠይቅም፤ ተበልቶ ሲያልቅ ቆፍሮ መተካት ነው።