ተሳቢ ቤት ለሚጎትት ፒክአፕ፦ ከባሌስትራው በፊት ሚዛኑ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 የተሳቢ ቤት አምራቹ ኩባንያ የኤርስትሪም መሥራች ዋሊ ባያም የመራው ጓድ 41 ተሳቢ ቤቶችን ይዞ ከኬፕታውን ወደ ካይሮ ተነሣ። ጉዞው ኢትዮጵያንም ያቋርጥ ነበርና አዲስ አበባ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተጓዦቹን ተቀብለዋቸዋል። አልጋና ምድጃ የተሟላለትን ቤት ከመኪና ኋላ አስሮ አገር ማየት በአሜሪካ ዛሬም የብዙ ቤተሰብ የዕረፍት ጊዜ ልማድ ነው። እዚያ የሚኖርና ልጆቹን ይዞ ወደ ብሔራዊ ፓርኮች መውጣት የሚያምረው ወገናችን ታዲያ ቤቱን ከመግዛቱ በፊት የሚጎትተውን መኪና እግር ጠንቅቆ ማወቅ አለበት።

በጅቡቲ መንገድ የምናውቀው የከባድ መኪና ተሳቢ ከፊትም ከኋላም የራሱ ጎማ አለው። ጎታቹ ይስበዋል እንጂ አይሸከመውም። የተሳቢ ቤት ጎማዎች ግን ያሉት መሀሉ አካባቢ ብቻ ስለሆነ አፍንጫውን የሚያሳርፈው በፒክአፑ ጋንቾ ላይ ነው። ከተጫነው ቤት ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው እዚያ ማረፍ ይኖርበታል። ከዚህ ሲያንስ ተሳቢው በፍጥነት ላይ ጅራቱን ግራና ቀኝ መወርወር ይጀምራል፤ አንዴ ከጀመረ ደግሞ ጎታቹን ይዞ ሊገለበጥ ይችላል። ከባድ ዕቃ በተሳቢው የኋላ ጫፍ የማይጫነውም ለዚህ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። የተጫነው ቤት 3,000 ኪሎ ይመዝን፤ ከዚህም 400 ኪሎው ጋንቾው ላይ ይረፍ። ጋንቾው ከኋላው አክስል 1.35 ሜትር ወደ ኋላ የወጣ፣ በሁለቱ አክስሎች መካከል ያለውም ርቀት 3.6 ሜትር ቢሆን፣ የኋላው አክስል ላይ የሚጨመረው 400 ሳይሆን 550 ኪሎ ነው። ትርፉ 150 ኪሎ የመጣው ከፊት ጎማዎች ላይ ተነሥቶ ነው። ጭነቷ ወደ ኋላ ያዘነበለባት አህያ የፊት እግሯ እንደሚቀልል ሁሉ የፒክአፑም ፊት ይቀልላል። መሪውን የሚታዘዙት፣ ፍሬን ሲያዝም ትልቁን ሥራ የሚሠሩት እነዚሁ የፊት ጎማዎች ናቸው። ዝናብ በመታው ቁልቁለት ላይ መሪው ቀልሎ እጅ ውስጥ ሲዋልል የሚሰማው ምክንያቱ ይኸው ነው።

ባለቤቱ ግን ቀድሞ የሚያየው የተቀመጠውን የኋላ ነው። መከላከያው ወደ መሬት ወርዷል፣ የፊት መብራቱ ሽቅብ እያበራ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጋራዥ ሄዶ ባሌስትራ ያስጨምራል ወይም የአየር ከረጢት ያስገጥማል። መኪናው ቀጥ ሲልለት የዳነ ይመስለዋል። ነገር ግን ከኋላ ያለው ሰውነት ከፍ አለ እንጂ ከፊት የተነሣው 150 ኪሎ ወደ ቦታው አልተመለሰም። መውረዱ የበሽታው ምልክት ነው፤ በሽታው የክብደት መዛባት ነው። ምልክቱን ሸፍኖ መንገድ መውጣት ቤተሰብን ለአደጋ ማጋለጥ ስለሆነ አጥብቄ የምለው አለኝ፦ ሥራው ከሚዛን ይጀመር።

ሚዛኑን የሚመልሰው ክብደት አከፋፋይ መጎተቻ ነው። ከጋንቾው ሥር ወደ ተሳቢው የሚዘረጉ ሁለት ጠንካራ የብረት ዘንጎች አሉት። ጫፋቸው ከተሳቢው ሻንሲ ጋር በሰንሰለት ወይም በመደገፊያ ተይዞ ወደ ላይ ሲወጠር፣ ዘንጎቹ የመኪናውን የኋላ እንደ ማንሻ ይዘው ከፍ ያደርጉታል። በዚህም ከኋላው አክስል ላይ የነበረው ጫና ከፊሉ ወደ ፊት ጎማዎች፣ ከፊሉ ወደ ተሳቢው ጎማዎች ይሄዳል።

ልኩን ለማግኘት አንድ የመለኪያ ሜትር ይበቃል። መኪናው ለጥ ባለ ቦታ ይቆምና ከመሬት እስከ ፊት ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለው ከፍታ ይለካል፤ ለምሳሌ 98 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ተሳቢው ሲታሰር ዘንጎቹ ሳይወጠሩ እንደገና ሲለካ 102 ሆነ እንበል፤ ፊቱ በ4 ሴንቲ ሜትር ተነሥቷል ማለት ነው። ከዚያ ዘንጎቹ እየተወጠሩ ይለካል። ፊቱ ምን ያህል መመለስ እንዳለበት በየመኪናው መመሪያ ስለሚለያይ የራስን መጽሐፍ ማየት ግድ ነው። ልኩ ግማሽ ነው ከተባለ፣ ሜትሩ 100 ሲያሳይ ይቆማል።

የእግር ሥራው ከዚህ በኋላ ይመጣል። ባሌስትራው የደከመ እንደሆነ ማደስ ወይም ተጨማሪ ብረት ማስገባት ይቻላል፤ ሆኖም መኪናው ባዶውን ሲነዳ ያንገጫግጫል። ጭነት ሲበዛ ብቻ አክስሉ የሚያርፍበት ከጎማ የተሠራ ድጋፍ ርካሽና ጥገና የማይፈልግ ነው። የአየር ከረጢት በሻንሲውና በአክስሉ መካከል ገብቶ እንደ ጭነቱ ይነፋል፣ ይተነፍሳል። አንድ ጥንቃቄ ግን ይሻል፦ ዘንጎቹ ከተወጠሩ በኋላ ከረጢቱ በብዛት ቢነፋ የኋላው ከፍ ሲል ዘንጎቹ ይላላሉ፤ የተመለሰው ክብደትም ከፊት ይሸሻል።

ባሌስትራ የሚሸከም እንጂ ንዝረትን የሚያበርድ አይደለም። የሚያበርደው ሾክ አብዞርበር ነው፤ ውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ድልድይ መጋጠሚያ ካለፉ በኋላ መኪናና ተሳቢ ፊትና ኋላ መወዛወዛቸውን ካላቆሙ የደከመው እሱ ነው። ባሌስትራውን ያጠነከረ ሰው ሾክ አብዞርበሩንም አብሮ ማጠንከር አለበት። ጎማም አይረሳ፤ ጎኑ የሚለመጥ የቤት መኪና ጎማ ከላይ የተሠራውን ሁሉ ከንቱ ያደርጋል። ለጭነት የተሠሩትና ኢ የሚል የጭነት ደረጃ ያላቸው ጎማዎች ብዙውን ጊዜ እስከ 80 ፒኤስአይ ነፋስ ይይዛሉ።

ከሁሉ በላይ የሾፌሩ በር ሲከፈት የሚታየውን ጽሑፍ ማክበር ነው። ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከዚህ በላይ አይጫን የሚለው ቁጥር እዚያ አለ፤ በጋንቾው ላይ ያረፈውም ክብደት ከዚያው ይቀነሳል። የተጨመረ ባሌስትራም ሆነ ከረጢት ይህን ቁጥር አያሳድገውም፤ ፍሬኑ፣ አክስሉና ሻንሲው ያው የቀድሞዎቹ ናቸውና። እውነቱን የሚናገረው በአውራ ጎዳና ዳር ባሉ የከባድ መኪና ማረፊያዎች የሚገኘው ሚዛን ነው። የፊቱን፣ የኋላውንና የተሳቢውን አክስል ለየብቻ መዝኖ በወረቀት ይሰጣል። ቤተሰቡም ዕቃውም ተጭኖ፣ የውኃው ጋን ለጉዞው በሚያዝበት መጠን ተሞልቶ ይመዘን። ወረቀቱ ከበሩ ጽሑፍ በላይ ካሳየ ዕቃ ይቀነስ፤ ካልበቃም ቀለል ያለ ቤት ወይም ከፍ ያለ አቅም ያለው መኪና ይፈለግ።