ባሕሩ ሲወጣ ሂሳቡን ማን ይክፈል?



በክፍል ውስጥ ስለ ባሕር ከፍታ መጨመር ስናስተምር አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ እኛ ባሕር የለንም፤ ይህ ምን ያገባናል?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም። ስለዚህ መልሱን ፍለጋ ወደ አንዲት ትንሽ ሙስሊም አገር እንጓዝ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተጠቀሰ በስተቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ማልዲቭስ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ፣ ከሕንድና ከስሪላንካ በስተደቡብ ምዕራብ ትገኛለች። ጥቃቅን የባሕር ነፍሳት በሚሠሩት ኮራል በሚባለው ድንጋይ ላይ የተመሠረቱ 1,190 ያህል ደሴቶች ሲኖሯት፣ ሕዝብ የሰፈረባቸው ግን ከ200 አይበልጡም። የነዋሪዋ ቁጥር ግማሽ ሚሊዮን ያህል ነው። እስልምናን የተቀበለችው በ548 ዓመተ ሒጅራ (1153) ሲሆን፣ ታላቁ ተጓዥ ኢብን በጡታም በ1340ዎቹ እዚያ ደርሶ በቃዲነት አገልግሏል።

ከአገሪቱ መሬት ከመቶ 80 የሚበልጠው ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ ከ1 ሜትር በታች ነው። ተፈጥሮ የሰጣት ከፍተኛ ቦታ እንኳ 2 ሜትር ተኩል አይሞላም። አንድ ሰው ቤቱ ጣሪያ ላይ ቢወጣ ከአገሩ ተራራ ሁሉ በላይ ሆነ ማለት ነው።

ባሕሩ ምን ያህል ወጣ?

ባሕር የሚወጣባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች ሁለት ናቸው። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ በየብስ ላይ የተከማቸ በረዶም ሲቀልጥ ወደ ባሕር ይገባል። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሊቃውንት ቡድን በ2021 ባወጣው ዘገባ እንደተገለጸው ከ1901 እስከ 2018 ባለው ጊዜ የዓለም ባሕር በአማካይ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሏል። ፍጥነቱም እየጨመረ መጥቶ ከ2006 ወዲህ በዓመት 3.7 ሚሊ ሜትር ደርሷል። ጭሱ በእጅጉ ከተቀነሰ በ2100 ጭማሪው ከ28 እስከ 55 ሳንቲ ሜትር፣ ካልተቀነሰ ግን ከ63 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ሊሆን እንደሚችል ተገምቷል። ከፍታው 1 ሜትር ላልሞላ መሬት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ራሱ ያስላው።

ክርክሩ

ታዲያ ነገሩ ክርክር የለበትም ማለት አይደለም። በ2010 ሁለት ተመራማሪዎች በሰላማዊ ውቅያኖስ የሚገኙ 27 የኮራል ደሴቶችን የቆዩና አዳዲስ ፎቶግራፎች አስተያይተው አብዛኞቹ እንዳልጠበቡ፣ አንዳንዶቹም እንደሰፉ አስታወቁ። ማዕበል አሸዋን ከአንዱ ዳር ወስዶ በሌላው ዳር ይከምራልና። ይህን የያዙ ሰዎች «ደሴቶች ይሰጥማሉ የሚለው ወሬ ነው» ብለው ተነሡ።

እኛ ጥናቱን አንንቅም፤ እውቀት ከየትም ይምጣ ይመረመራል። ነገር ግን ሰው የሚኖረው በስፋት ብቻ አይደለም። አሸዋ ቦታ ይለውጣል፤ ቤት፣ መስጊድና መቃብር ግን አብረውት አይሄዱም። ከሁሉም በላይ ጉድጓድ አለ። በእነዚህ ደሴቶች ሥር የዝናብ ውሃ በጨዋማው ውሃ ላይ ተንሳፎ ይቀመጣል። ማዕበል ደሴቱን ደጋግሞ ካጥለቀለቀው ያ ጣፋጭ ውሃ ጨው ይሆናል። በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት ብዙ የኮራል ደሴቶች ከመስጠማቸው በፊት በዚህ ምክንያት ለኑሮ የማይመቹ ሊሆኑ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል። የሚጠጣ ውሃ የሌለበት ደሴት ቢሰፋስ ምን ይጠቅማል?

ዋጋው

በኤፕሪል 1987 ከፍተኛ ማዕበል ዋና ከተማዋን ማሌን አጥለቀለቀ። በዚያው ዓመት በአል-አዝሃር የተማሩት ፕሬዚዳንት ማእሙን አብዱል ጋዩም በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ቀርበው የትናንሽ ደሴቶችን አደጋ ለዓለም አሰሙ። ከዚያም ማሌን የሚጋርድ የማዕበል መከላከያ በጃፓን እርዳታ ተሠራ፤ ወጪው 60 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። አንዲት ትንሽ ከተማን ለመጋረድ ይህን ያህል ከወጣ የቀሩትን ደሴቶች ማን ይጋርዳቸው?

ሁለተኛው መንገድ አዲስ መሬት መሥራት ነው። ከ1997 ጀምሮ ከባሕር ውስጥ አሸዋ እየተሳበ በማሌ አጠገብ ሁሉማሌ የተባለች፣ ከባሕር ጠለል 2 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ደሴት ተሠርታ ሕዝብ ሰፍሮባታል። ግን አሸዋ ሲሳብ ማዕበልን የሚሰብረው ኮራል ይጎዳል፤ ኮራሉም በ1998 እና በ2016 በባሕር ሙቀት ክፉኛ ተመትቷል።

ሦስተኛው መንገድ አገር ለቅቆ መሄድ ነው። ፕሬዚዳንት ሙሐመድ ነሺድ በ2008 በሌላ አገር መሬት የሚገዛበት ገንዘብ እናጠራቅም ብለው ሐሳብ አቅርበው ነበር። መሰደድ ምን ዋጋ እንዳለው ግን የካንዶልሁዱ ደሴት ሰዎች ያውቁታል። በዲሴምበር 2004 በምድር መንቀጥቀጥ የተነሣው ሱናሚ (እርሱ የአየር ለውጥ ውጤት አይደለም) ቤታቸውን አፈረሰው። ከ3,000 የሚበልጡት ነዋሪዎች ቀድሞ ሰው ባልሰፈረባት ዱቫፋሩ ደሴት አዲስ መንደር እስኪሠራላቸው ድረስ ዓመታት በጊዜያዊ መጠለያ ተበታትነው ኖሩ። ቤት ተገኘ፤ የአባቶቻቸው መቃብር ግን በኋላ ቀረ። ይህን የመሰለ ኪሳራ በየትኛው መዝገብ ይጻፋል?

ማን ይክፈል?

ማልዲቭስ ከዓለም ጭስ የምታወጣው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ከጎረቤት ቤት የተነሣ እሳት ያንተን ቤት ቢያቃጥል፣ ኪሳራው ያንተ ነው፤ ጥፋቱ ግን ያንተ አይደለም። በሸሪዓችንም የጎዳ እንዲክስ መጠየቁ የታወቀ ነው። ዓለምም ዘግይቶ ቢሆን ወደዚህ ሐሳብ እየቀረበ ነው። በ2022 ሻርም አል-ሼይኽ ላይ የጉዳት ማካካሻ ፈንድ እንዲቋቋም ተወሰነ፤ በ2023 ዱባይ ላይ ሥራ እንዲጀምር ተስማሙ። በጁላይ 2025 ደግሞ ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በሰጠው የምክር አስተያየት መንግሥታት የአየር ንብረትን የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ እንዳለባቸው ገለጸ። ይሁን እንጂ ቃል የተገባው ገንዘብ ከጉዳቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ያንሳል።

አሁን ወደ ተማሪያችን ጥያቄ እንመለስ። ባሕር የለንም፤ እውነት ነው። ግን ከ2020 ጀምሮ ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ በሶማሌ ክልልና በቦረና ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደርም ይህን ጭስ አላጨሰም። ለማልዲቭሱ ዓሣ አጥማጅ ባሕሩ ሲበዛበት ለእርሱ ዝናቡ አነሰበት፤ ሁለቱም የሚጠይቁት ግን አንድ ጥያቄ ነው። የአንዱ ሐቅ ከተከበረ የሌላውም መንገድ ይከፈታል።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ ካርታ ሲዘረጉ እነዚያን ነጠብጣቦች አሳዩአቸው። እዚያም አዛን የሚሰማ፣ ልጁን ወደ መድረሳ የሚልክ ቤተሰብ አለ። ተማሪያችን በማግሥቱ «መምህር፣ ጉድጓዳቸው ጨው ሲሆን ምን ይጠጣሉ?» ሲል በድጋሚ ጠየቀን። የዝናብ ውሃ በጋን እንደሚያጠራቅሙ፣ በትልልቆቹ ደሴቶችም የባሕሩን ውሃ በመኪና አጣርተው በገንዘብ እንደሚጠጡ ነገርነው። ጥቂት አሰበና፣ «እንግዲያው ውሃ በውሃ ተከበው ውሃ ይገዛሉ ማለት ነው» አለ። ትምህርቱ እንደገባው ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

ወቢላሂ ተውፊቅ።