ኢንጎን ያስሸሸው ቦክሰኛ ማን ነበር?

ስቶክሆልም የምትኖሩ ወገኖች፣ ዕድሜው ገፋ ያለ ስዊድናዊ ጎረቤት ካላችሁ እስቲ «ኢንጎ» የሚለውን ስም አንሱበት። ፊቱ ወዲያው ይፈካል። ኢንጎ ማለት የዮተቦሪው ልጅ ኢንገማር ዮሀንሰን ነው። ጁን 26 ቀን 1959 ኒውዮርክ ያንኪ ስታዲየም ላይ አሜሪካዊውን ፍሎይድ ፓተርሰንን በሦስተኛው ዙር ሰባት ጊዜ መሬት ላይ ጥሎ የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። የስዊድን ሬዲዮ «ፕሮፌሽናል ቦክስ አላስተላልፍም» ብሎ ስለነበር አገሩ በሙሉ በሌሊት ሬዲዮ ሉክሰምበርግን ከፍቶ ነው ያዳመጠው። (ዓመተ ምሕረቱን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

ዛሬ ግን የማወራችሁ ስለ ኢንጎ ድል አይደለም። ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ ይሄንኑ ኢንጎን አንድም ጥሩ ቡጢ እንዳይሰነዝር አድርጎ ስለረታው ሰው ነው። ስሙ ኤድ ሳንደርስ ይባላል። የቦክስ ወዳጅ ነኝ የሚለው ሰው ራሱ ስሙን አያውቀውም፤ እኔ በበኩሌ ይሄ ትልቅ በደል ነው ባይ ነኝ።

ሳንደርስ በ1930 ሎስ አንጀለስ፣ ዋትስ የሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ተወለደ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ93፣ ክብደቱ 100 ኪሎ ገደማ። ኮምፕተን ኮሌጅ፣ ቀጥሎም አይዳሆ ስቴት ተምሯል፤ የአሜሪካን ፉትቦልም ይጫወት ነበር። በኋላ የባህር ኃይል ገባ፤ በ1952 ለሄልሲንኪ ኦሊምፒክ ተመረጠ። በነገራችን ላይ አገራችን ያኔ ኦሊምፒክ ገና አልጀመረችም፤ የመጀመሪያችን ከአራት ዓመት በኋላ ሜልቦርን ላይ ነው። አሜሪካ ሄልሲንኪ ላይ በቦክስ አምስት ወርቅ ወሰደች፤ አምስቱንም ያመጡት ጥቁሮች ናቸው። አንዱ የ17 ዓመቱ ፍሎይድ ፓተርሰን ነበር። አዎ፣ ያው ኋላ በኢንጎ የተዘረረው ፓተርሰን።

ሳንደርስ ወደ ፍጻሜ የሄደበት መንገድ ያስፈራል። ስዊዘርላንዳዊውን በመጀመሪያው ዙር፣ ጣሊያናዊውን በሦስተኛው፣ ደቡብ አፍሪካዊውን አንድሪስ ኒማንን ደግሞ በሁለተኛው ዙር፣ ሁሉንም በዝረራ ሸኛቸው። ልብ በሉ፣ ዘመኑ 1952 ነው፤ የአፓርታይድ መንግሥት ነጭ ብቻ መርጦ በሚልክበት ዘመን የዋትሱ ልጅ ኒማንን እንዲህ አድርጎ መመለሱ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

ፍጻሜው ኦገስት 2 ቀን ሆነ። ከአንዱ ጥግ ሳንደርስ፣ ከሌላው የ19 ዓመቱ ዮሀንሰን። የአማተር ውድድር ሦስት ዙር ነው፤ እያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ። ታዲያ በነዚያ ደቂቃዎች ስዊድናዊው ወደ ኋላ ይላል፣ ይዞራል፣ ይርቃል። ሳንደርስ ይከተለዋል። ዳኛው ያስጠነቅቃል፣ ለውጥ የለም። በመጨረሻ በሁለተኛው ዙር ዳኛው ኢንጎን «አልተዋጋህም» ብሎ ከውድድር አሰናበተው። ምን ይሄ ብቻ፣ የብር ሜዳሊያውንም ከለከሉት። የሁለተኛነት ቦታው ባዶ ሆኖ ቀረ።

የስዊድን ጋዜጦች ተረባረቡበት፤ አገር አዋረደ ተባለ። ኢንጎ ግን አልሸሸሁም ብሎ ነው የተከራከረው። እቅዴ ሳንደርስን እያዞርኩ አድክሜ በሦስተኛው ዙር ማጥቃት ነበር አለ።

እንግዲህ ወሬው በሙሉ እዚህ ላይ ነው የተሳሳተው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክርክሩ «ኢንጎ ፈሪ ነበር ወይስ ብልጥ?» የሚል ሆነ። ያሸነፈው ሰው ከታሪኩ ወጣ። በዝረራ ቢያሸንፈው ኖሮ ቢያንስ ስሙ ይነሳ ነበር፤ ዳኛ ባስወጣው ሰው ላይ የተገኘ ወርቅ ግን እንደ ዕድል ተቆጠረ።

እኔ የኢንጎን ቃል አምነዋለሁ። ለምን መሰላችሁ? ምክንያቱም 1959 ላይ ፓተርሰንን ሲገጥም ያደረገው በትክክል ያንኑ ነው! ከግጥሚያው በፊት ልምምድ ላይ እንኳ ቀኝ እጁን እምብዛም አላሳየም። ሪንግ ውስጥ ሲገባም ሁለቱን ዙሮች በግራ እጁ ለስለስ ያለ ጃብ እየነካካ፣ እየራቀ አሳለፈ። ያየው ሰው ይሄ ምን ሊያደርግ መጣ ሳይል አልቀረም። ሦስተኛው ዙር ሲመጣ ያ ቀኝ እጅ ወረደ፤ አለቀ።

ስለዚህ እቅዱ እውነተኛ እቅድ ነበር። ጥያቄው ይሄ እቅድ በዓለም ሻምፒዮን ላይ ሠርቶ በሳንደርስ ላይ ለምን ከሸፈ? የሚለው ነው።

መልሱ ያለው ርቀት ላይ ይመስለኛል። ቀኝ እጁን የሚያደባ ቦክሰኛ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ አንደኛ እሱ ያለበት ርቀት ድረስ የሚመጣ ተጋጣሚ፣ ሁለተኛ ሲጠብቅ የሚያቆየው ግራ እጅ። ፓተርሰን 83 ኪሎ ገደማ የነበረ፣ ዘሎ እየገባ የሚመታ ሰው ነው፤ ራሱ ወደ ቀኙ መጣለት። ጃቡም ደርሶበታል። ሳንደርስ ግን ከኢንጎ በ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። የኢንጎ ግራ እጅ ሳንደርስ ጋ ከመድረሱ በፊት የሳንደርስ ግራ እጅ ኢንጎ ጋ ይደርሳል። ቀኙን ልሰንዝር ካለ ደግሞ አንድ እርምጃ ወደዚያ ክልል መግባት አለበት፤ ሦስት ሰው በተዘረረበት ክልል ማለት ነው። ስለዚህ ኢንጎ ጠበቀ። ሳንደርስ ተቻኩሎ እጁን በከፈተለት ኖሮ ያ ቀኝ እጅ ሥራውን ይሠራ ነበር። አልከፈተለትም። ተረጋግቶ፣ ሪንጉን እያጠበበ ተከተለው። በቃ፣ የሰውየውን መሣሪያ ሳይመዘዝ እዚያው ሰገባው ውስጥ አስቀረው።

ሌላም ነገር አለ። ሦስት ዙር ብቻ ባለው ውድድር ሁለቱን ዙር በፈቃድህ አሳልፈህ ከሰጠህ በነጥብ የማሸነፍ ዕድልህ አብቅቷል፤ መዘረር ብቻ ነው የሚቀርህ። እንዲህ ያለ እቅድ የሚያወጣ ሰው ተጋጣሚውን በሦስቱም ዙር እኩል መግጠም እንደማይችል አስቀድሞ አውቋል ማለት ነው።

«ልጅ ነበር እኮ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ 19 ዓመቱ ነው። ግን ሳንደርስም 22 ነበር፤ ፓተርሰን ደግሞ በዚያው ኦሊምፒክ ገና 17 ዓመቱ ሆኖ ወርቅ ወስዷል።

ኢንጎ በዚያው ዓመት ፕሮፌሽናል ሆነ። በ1956 ቦሎኛ ላይ ካቪኪን አሸንፎ የአውሮፓን ቀበቶ ወሰደ፣ በ1958 ዮተቦሪ ኡሌቪ ላይ ኤዲ ማቸንን በመጀመሪያው ዙር ዘረረ፣ ከዚያ የ1959ኙ ሌሊት መጣ። ፓተርሰን ግን ከስህተቱ ተምሮ በ1960 እና በ1961 በተከታታይ በዝረራ መልሶለታል።

የሳንደርስ መንገድ አጭር ነው። ፕሮፌሽናል የሆነው በ1954፣ ገና የባህር ኃይል አባል እያለ ነው። በዚያው ዓመት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ማለቴ ነው፣ ዘጠኝ ግጥሚያ አደረገ። ይሄ ለጀማሪ ብዙ ነው። ዲሴምበር 11 ቦስተን ጋርደን ውስጥ ዊሊ ጄምስ ከሚባል ቦክሰኛ ጋር ለኒው ኢንግላንድ ሻምፒዮንነት ተጋጠመ። በ11ኛው ዙር ወደቀ። አልነቃም። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በማግስቱ አረፈ። 24 ዓመቱ ነበር፤ ሚስትና ትንሽ ወንድ ልጅ ነበሩት።

እዚህ አገር ፕሮፌሽናል ቦክስ ከ1970 ጀምሮ በሕግ ታግዶ እንደነበር፣ እገዳው የተነሳው በቅርቡ በ2007 እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ስዊድኖች ያከረሩት የሚመስለን ሰዎች አለን። በ2013 እዚሁ ስቶክሆልም ፍሪዳ ቫልበሪ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ ለጥቂት ስትተርፍ ያ ክርክር እንደ አዲስ ተነስቶ ነበር። የሳንደርስን መጨረሻ ያየ ሰው ከልካዮቹን ሙሉ በሙሉ ሊኮንን አይችልም።

የሳንደርስ የቡድን ጓደኛ ፓተርሰን በስቶክሆልም ትልቅ ፍቅር አግኝቷል። በ1964 ማቸንን፣ በ1968 ደግሞ ጂሚ ኤሊስን የገጠመው ሶልና፣ ሮሱንዳ ስታዲየም ነው፤ ዛሬ ፈርሶ መኖሪያ ቤት የተሠራበት ቦታ። ከኤሊስ ጋር ተሸንፈሃል ሲባል ሕዝቡ በዳኛው ላይ ጮኸበት። ከኢንጎም ጋር የልብ ወዳጅ ሆኑ። በ1982 ሁለቱ ሻምፒዮኖች፣ አንዱ 47 አንዱ 49 ዓመት ሆኗቸው፣ የስቶክሆልምን ማራቶን አብረው ሮጡ።

በዚያው በ1982፣ ኢንጎ ለሠላሳ ዓመት የተከለከለውን የሄልሲንኪ የብር ሜዳሊያ ተቀበለ። ወርቁን የወሰደበት ሰው በሕይወት ቢኖር 52 ዓመቱ ነበር።