ላስቲካዊ የፍሰት አለመረጋጋት

ላስቲካዊ የፍሰት አለመረጋጋት ማለት እየፈሰሱም እንደ ላስቲክ በሚለጠጡ ፈሳሾች (ቪስኮኤላስቲክ ፈሳሾች) ውስጥ ከመለጠጣቸው የተነሳ የሚፈጠር የፍሰት መዛባት ነው። የውሃ ፍሰት የሚታወከው ሲፈጥን ነው፤ እነዚህ ፈሳሾች ግን በጣም በዝግታ እየተሽከረከሩም ሊታወኩ ይችላሉ።

መለጠጥና ጊዜ

ማር ምንም ቢወፍር የሚለጠጥ ፈሳሽ አይባልም። የእንቁላል ነጭ ወይም ተልባ የተዘፈዘፈበት ውሃ ግን በማንኪያ ሲሳብ ክር ይሠራል፤ ሲለቀቅም በከፊል ወደ ኋላ ይሰበሰባል። ይህን የሚያደርጉት በውስጡ ያሉት በጣም ረጃጅም ሞለኪውሎች ናቸው። ፈሳሹ ሲያርፍ እንደ ክር ልቃቂት ተጠቅልለው ይቀመጣሉ፤ አንዱ የፈሳሽ ንጣፍ በሌላው ላይ ሲንሸራተት ይዘረጋሉ፤ ተመልሰው ለመጠቅለልም ጊዜ ይፈልጋሉ። ይህ የመመለሻ ጊዜ ንጣፎቹ በሚንሸራተቱበት መጠን ሲባዛ የቫይሰንበርግ ቁጥር ይገኛል። ቁጥሩ ከ1 በጣም ካነሰ ሞለኪውሎቹ ለመጠቅለል ፋታ አላቸው፤ ከበለጠ ተወጥረው ይቆያሉ።

ፍሰቱ ክብ ሲሆን የተወጠሩት ሞለኪውሎች እንደ ላስቲክ ቀለበት ዙሪያውን ይዘው ፈሳሹን ወደ መሃል ይጨምቁታል። በውሃ ውስጥ ዘንግ ቢሽከረከር ውሃው በዘንጉ አጠገብ ይጎደጉዳል፤ የፖሊመር ሙሙት ግን ዘንጉን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል። ጥቂት ፈሳሽ ከመስመሩ ወጣ ባለ ቁጥር ሞለኪውሎቹ የበለጠ ይለጠጣሉ፤ ጭመቃውም ይበረታል፤ መዛባቱ ራሱን ያሳድጋል። ስለዚህ ውጥረትና የመስመር መጠማዘዝ አብረው መገኘት አለባቸው።

ምርምር

ጄፍሪ ኢንግራም ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1923 በሁለት ሲሊንደሮች መካከል ያለ ተራ ፈሳሽ፣ የውስጠኛው ሲሊንደር ሲፈጥን፣ በተደራረቡ ቀለበቶች እንደሚከፈል አሳየ። የዚያ መንስኤ ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ነበር። በ1990 ላርሰን፣ ሻቅፌህና ሙለር በተመሳሳይ መሣሪያ ውስጥ ፖሊመር ያለበት ወፍራም ፈሳሽ፣ ያ ኃይል እዚህ ግባ በማይባልበት ዝግታ፣ ሊታወክ እንደሚችል አሳዩ።

ግኝቱ በተለይ የለኪዎችን ሥራ ይነካል። የፈሳሽ ውፍረት ብዙ ጊዜ የሚለካው ፈሳሹን በሁለት ሰሌዳዎች፣ ወይም በሰሌዳና በሾጣጣ መካከል አድርጎ አንዱን በማዞር ነው። ስሌቱ ፍሰቱ የተስተካከለ ክብ ነው ብሎ ይነሳል። ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ግን ለማዞር የሚያስፈልገው ኃይል እያደር ይጨምራል፤ ይህም ፈሳሹ ራሱ እየወፈረ እንደሆነ ተደርጎ ተተርጉሞ ነበር። ማግዳና ላርሰን በ1988 የተለወጠው ፍሰቱ እንደሆነ አመለከቱ። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ ለውጡ የሚጀምርበት የመንሸራተት መጠን የሾጣጣው ማዕዘን ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። የቁሱ ጠባይ ቢሆን ኖሮ የመሣሪያው ቅርጽ ባልቀየረው ነበር።

ግሮይስማንና ስታይንበርግ በ2000 ከዚህም አልፈው፣ በስኳር ውሃ ውስጥ በሟሟ ጥቂት ፖሊመር፣ የሬይኖልድስ ቁጥሩ ከ1 በታች ሆኖ ሳለ ሙሉ ሁከት አገኙ፤ «ላስቲካዊ ሁከት» አሉት። የፍሰቱ ተቃውሞ እስከ 20 እጥፍ ያህል አደገ። ተራ ፈሳሾች እምብዛም በማይቀላቀሉባቸው ጠባብና ጠመዝማዛ ቦዮች ውስጥ ይህ ሁከት ለማደባለቅ ይጠቅማል።

በፕላስቲክ ፋብሪካ ግን ጠላት ነው። ቀልጦ ከቀዳዳ የሚገፋ ፕላስቲክ ሲፈጥን ገጹ ይሻክራል ወይም ይጣመማል፤ የማምረቻውንም ፍጥነት ይገድባል። የዚህ ጉድለት መንስኤ ሁሉ የሞለኪውሎቹ ውጥረት ብቻ አይደለም፤ ፕላስቲኩ በቀዳዳው ግድግዳ ላይ እየያዘ እየለቀቀ መንሸራተቱም ድርሻ አለው።