የፊት ጎማ ሲሰፋ የስፖርት መኪና ሚዛን ምን ይሆናል?

የስፖርት መኪና ወዳጆች ከሚመርጧቸው ማሻሻያዎች አንዱ ከፊት ሰፋ ያለ ቸርኬና ጎማ መግጠም ነው። ዓላማው መኪናዋ ኩርባ ላይ ለመሪው ፈጥና እንድትታዘዝ ማድረግ ነው። ይሁን እንጂ በብዙ የስፖርት መኪኖች ላይ ፋብሪካው የፊቱን ጎማ ከኋላው ያጠበበው ሆን ብሎ ነው።

ለዚህ የሆንዳ ኤስ 2000 ጥሩ ማሳያ ናት። ኃይሏን በኋላ ጎማዎቿ የምታሳርፈው ይህች መኪና መጀመሪያ ለገበያ ስትቀርብ የፊት ጎማዋ 205፣ የኋላው 225 ሚሊ ሜትር ስፋት ነበረው። ጭራዋ ኩርባ ላይ በድንገት በመንሸራተት ትታወቅ ነበር። በ2004 ሞዴል ግን የፊቱ ወደ 215፣ የኋላው ወደ 245 አደገ። የኋላው ጭማሪ ከፊቱ እጥፍ ነበር፤ ከሌሎች የእገዳ ሥርዓት ማስተካከያዎች ጋር ተዳምሮም መኪናዋን የተረጋጋች አደረጋት።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኩርባ ላይ የፊት ጎማዎች ቀድመው መንገዱን ሲለቁ መኪናዋ ከታሰበው መስመር ወደ ውጭ ትሰፋለች፤ አሽከርካሪው ነዳጁን ቀስ ብሎ ሲቀንስ አብዛኛውን ጊዜ ትመለሳለች። የኋላዎቹ ቀድመው ሲለቁ ግን ጭራዋ ይዞራል፤ ያን ለማረም ጥቂቶች ብቻ ያላቸው ፍጥነትና ልምድ ያስፈልጋል። ጠባቡ የፊት ጎማ እንግዲህ የማስጠንቀቂያ ደወል ነው።

ጎማ በሰፋ ቁጥር መሬት የሚነካው ስፍራ በዚያው ልክ ይጨምራል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። የስፍራውን መጠን በዋናነት የሚወስኑት ያረፈበት ክብደትና የጎማው የአየር ግፊት ናቸው። ስፋት የሚለውጠው በይበልጥ ቅርጹን ነው፤ አጭርና ሰፊ ያደርገዋል። በዚህም ጎማው በትንሽ የመሪ ዙር ጠንካራ የጎን ኃይል ይሰጣል። የኋላው ባለበት ሲቀር ግን ቀድሞ የሚለቀው እርሱ ይሆናል።

ቁመትም ሊሰላ ይገባል። ባለ 17 ኢንቹ 215/45 ጎማ 625 ሚሊ ሜትር ገደማ ቁመት አለው። በ235/40 ቢተካ 620 ገደማ ስለሚሆን ልዩነቱ ከ1 በመቶ በታች ነው። በ235/45 ቢተካ ግን ወደ 643 ያድጋል፤ ከፓራፋንጎው ጋር ሊፋተግ፣ የጎማዎችን ፍጥነት የሚያነጻጽረውን የኤ ቢ ኤስ ፍሬንም ሊያዛባ ይችላል።

ቸርኬው ወደ ውጭ ከወጣ መሪው በመንገድ ጎድጓዶች ይጎተታል፤ ኩሽኔታውም ተጨማሪ ጫና ይሸከማል። በዝናብ ጊዜ ደግሞ ሰፊ ጎማ የሚገፋው ውኃ ስለሚበዛ ባነሰ ፍጥነት ውኃው ላይ ሊንሳፈፍ ይችላል።

የሕግ ጉዳይም አለ። በጀርመን ለመኪናዋ ያልተፈቀደ መጠን የገጠመ ባለቤት እንደ ቲዩቭ ባለ ተቋም ካላስመረመረ የመኪናዋ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ሊቋረጥ ይችላል።

በውድድር ሜዳ በአራቱም በኩል እኩል ስፋት ያለው ጎማ የሚገጥሙ አሉ። እነርሱ ግን የፊቱን የማረጋጊያ ዘንግ በማጠንከርና የጎማ አቅጣጫን በማስተካከል ሚዛኑን መልሰው ይሠራሉ። ይህን ሳያደርግ የፊቱን ብቻ ያሰፋ አሽከርካሪ በደረቅ መንገድ የሚያገኘውን ደስታ፣ በእርጥብ መንገድ ጭራዋ ሲከዳው በውድ ዋጋ ሊከፍለው ይችላል።